ንፋሱ የት ሄደ?

ጎማ የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ይፈነዳል፤ ሌላው ይተነፍሳል። የሚፈነዳው ሁሉን ያስደነግጣል። መንደሩ ይወጣል፣ ሹፌሩ ያማትባል፣ ሚስማሩ ወይም ድንጋዩ ይፈለጋል፣ ነገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተወርቶ ያልቃል። የሚተነፍሰው ግን ማንንም አይጠራም። ማታ ደህና ሆኖ ያድራል፤ ጠዋት ትንሽ ጎደል ብሎ ይገኛል፤ ይሞላል፤ መንገዱን ይቀጥላል። በማግስቱም እንዲሁ። አበው “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ያሉት ስለ መልካሙ ነገር ነው፤ ክፉውም ነገር በዚያው እግር እንደሚሄድ ግን ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ ቅዳም ያሳለፍኩት አንድ ጠዋት ነው። አዲስ ቅዳም በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ያለች የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ናት። የአዊ ደጋ ስለሆነ የማለዳው ብርድ ይቆነጥጣል። ገበሬው ከጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ ዲከረንስ የሚባለውን፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ በማሳው ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ አራት አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል። ከሰሉ በጆንያ ታጭቆ በከባድ መኪና ወደ ከተሞች ይጓዛል። አንባቢዬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ቡና ባስፈላበት ምድጃ ላይ የአዊ ዛፍ ነድዶ ይሆናል።

እኔ ከዳንግላ ጋቢና ተሳፍሬ የመጣሁበት መኪናም ማታውን እዚያ ከሰል ጭኖ አደረ። ሹፌሩ ጠና ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ረዳቱ ቢበዛ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ሌሊቱን እሱ ጭነቱ ላይ ተኛ፤ እኛ አልጋ ይዘን አደርን።

የዚያን ዕለት ሹፌሩ ከወትሮው ቀድሞ ተነሣ። ጎህ ሳይቀድ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ ሲል የመኪናው ሞተር ተነሥቶ ይሰማል። ጠጋ ብሎ ቢያይ ረዳቱ ከኋላ ጎማዎች ሥር ተንበርክኳል። ከመኪናው የፍሬን ንፋስ ታንክ ቱቦ ቀጥሎ፣ ከግራው ጥንድ ጎማ የውስጠኛውን እየሞላ ነው። እኔም በጫጫታው ነቅቼ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ወጣሁ።

“ምን ሆነ?” አለ ሹፌሩ።

“ምንም አልሆነ፣ ጋሼ።”

“ስንት ቀንህ ነው እንዲህ ስታደርግ?”

ልጁ ትንፍሽ አላለም።

አማርኛችን ለዚህ ነገር የተመቸ ቋንቋ ነው። ጎማ ንፋስ ሲያጣ “ተነፈሰ” እንላለን፤ ሰው በልቡ ያፈነውን ሲናገርም “ተነፈሰ” እንላለን። የዚያን ጠዋት ጎማው ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ ተንፍሶ ነበር፤ ልጁ ግን አንዲት ቀን እንኳ ሳይተነፍስ። ዘጠኝ ቀን መሆኑንም የነገረን በኋላ፣ ጎሚስታው ዘንድ ደርሰን፣ ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ዘወር ሲል ነው። ምክንያቱን ብጠይቀው ባለፈው ወር የተሰበረ ስፖኪዮ አይቶ ለአለቆቹ በታማኝነት ቢናገር ዋጋው ከደመወዙ እንደተቆረጠበት አጫወተኝ። ስፖኪዮውን የሰበረው እሱ አልነበረም። ቀድሞ ያየው ግን እሱ ነው።

የጥንድ ጎማን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የጭነት መኪና ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ይታሰርለታል። የፊት ጎማ ሲተነፍስ መሪው ይጎትታል፤ ሹፌሩ በእጁ ያውቀዋል። ከጥንዱ የውስጠኛው ሲተነፍስ ግን ውጪኛው ጓደኛው ሸክሙን ይቀበለዋል፤ መኪናው አይንጋደድም፣ ከውጭ ላየውም ሁሉም ቆሟል። ሹፌሮች በብረት ወይም በዱላ ጎማ እየመቱ ድምፁን የሚያዳምጡት ለዚህ ነው፤ ዓይን እዚያ ድረስ አይዘልቅም። ንፋስ ያነሰው ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፤ ሲግል ላስቲኩና ውስጡ ያለው ክር ይላቀቃሉ። በአንጻሩ ደግሞ ያለ ድርሻው የሁለት ሸክም የተሸከመው ደህናው ጎማ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚፈነዳው እሱ ነው። የጭነት ጎማ እንደ ዓይነቱ ከ6 እስከ 8 ባር ግፊት ይይዛልና ሲፈነዳ ቀልድ የለውም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ለመሻገር መጀመሪያ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ አለ፤ የዓባይ በረሃ ሙቀትና የፍሬኑ ግለት ሲታከልበት የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። መኪናችን በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ዓባይን አንድ ጊዜ ተሻግሮ ነበር፤ አሁንም ወደዚያው እየሄድን ነበር። ነገሩን ሳስበው ብርዱ ይሁን ሌላ እንጃ፣ ጋቢዬን ጠበቅ አደረግሁት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ያ ልጅ ጥፋተኛ ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1877 ዊልያም ክሊፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ስለ እምነት ሥነ ምግባር በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ አንድ የመርከብ ባለቤት ያቆማል። መርከቧ አርጅታለች፤ ጥገና እንደሚያስፈልጋትም ሰውየው ይጠረጥራል። ነገር ግን ጥገናው ውድ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬውን በልቡ ይከራከረዋል፤ ስንቱን ማዕበል ያለፈች መርከብ ናት፣ ፈጣሪም ስደተኞቹን አይተዋቸውም ይላል። በመጨረሻም ከልቡ አምኖ ይሸኛታል። መርከቧ ሰጠመች፤ እሱም የመድን ገንዘቡን ተቀበለ። ክሊፎርድ ይህ ሰው በሰዎቹ ሞት ጥፋተኛ ነው ይላል፤ እምነቱ እውነተኛ መሆኑ አያድነውም፤ እንዲያምን መብት የሚሰጠው ማስረጃ አልነበረውምና። እንዲያውም መርከቧ በሰላም ብትደርስ ኖሮ ጥፋቱ አይቀንስም፤ ሳይታወቅበት ይቀር ነበር እንጂ።

ብዙዎቻችን ይህን የመርከብ ባለቤት እናውቀዋለን፤ አንዳንዴም በመስታወት ውስጥ እናገኘዋለን። የእኛ ረዳት ግን እሱ አይደለም። ባለመርከቡ ጥርጣሬውን ገደለው፤ ረዳቱ ጥርጣሬውን በየንጋቱ ተንበርክኮ ንፋስ ያጠጣው ነበር። ባለመርከቡ ሥልጣን ነበረው፣ እውቀቱን ጣለ፤ ረዳቱ እውቀቱ ነበረው፣ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። ስለዚህ በክሊፎርድ ሚዛን ብናስቀምጠው ነገሩ አይገጥምም።

ነጻ ነው ለማለትም አልደፈርኩም። መሙላት ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ምንም ቀዳዳ የሌለው ጎማ እንኳ ጥቂት በጥቂት ንፋስ ያጣል፤ አየር በላስቲኩ ውስጥ ራሱ ይሰርጋልና። ያላጎደለ ጎማ የለም። መንገድ ላይ፣ ጨለማ ሲመጣ፣ ሞልቶ እስከሚቀጥለው ከተማ መድረስም ብልህነት ነው። ትዳሩን፣ ጤናውን፣ መሥሪያ ቤቱን በየጠዋቱ እየሞላ የሚያስኬድ ሰው ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ ብዙው ሕይወት እንዲሁ ነው የሚገፋው። መሙላት ወደ ውሸት የሚለወጠው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ መኪናውን ለማያውቅ ሰው በምናስረክብበት ቅጽበት ነው። ሹፌሩ ተኝቶ ያድራል፤ ጠዋት ዱላውን አንሥቶ ጎማውን ሲመታ ደህና ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ግን ተዘጋጅቶለት የቆየ ድምፅ ነው። ዘጠኝ ጊዜ የማያውቀውን መኪና ተረከበ። ልጁም ከላይ በጭነቱ ላይ ሆኖ አብሮ ይጓዝ ስለነበር በራሱም ነፍስ ላይ ፈርዷል፤ ይህ ግን ጥፋቱን ያቀለዋል ወይስ ያከብደዋል? ዛሬም አልቆረጠልኝም።

ጎሚስታው ጋ የሄድነው ፀሐይ ወጣ ስትል ነው። ቅዳሜ ነበር፤ በስሟ ቅዳሜን ይዛ በምትኖር ከተማ ገበያተኛው ገና በማለዳው መንገዱን ሞልቶታል። ድንች የተሸከመ፣ በግ የሚነዳ፣ በፈረስ የሚጋልብ። የአዊ ሰው ከፈረስ ጋር ያለውን ፍቅር ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የተገኘ ያውቀዋል። መኪና ቆሞ፣ ጎማው ሲፈታ ያየ ገበሬ ሁሉ ለአፍታ ቆም ይላል፤ ፈረስ ሲያነክስ እግሩን አንሥቶ ኮቴውን ማየት የለመደ ሕዝብ ነውና ነገሩ አይገርመውም።

ሹፌሩ እየተቆጣ ነበር። ማን እንዳደረገው፣ ማን እንዳየ፣ ማን እንደ ደበቀ። ጎሚስታው፣ እጁ የጠቆረ አጠር ያለ ሰው፣ እስኪጨርስ ጠበቀውና፦ “ሲለካ ሞቆ ነበር ቀዝቅዞ?” አለ። ልጁን ነው የጠየቀው።

“ቀዝቅዞ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ነው።”

“በስንት ይጎድላል?”

ልጁ ነገረው። ጎሚስታው ራሱን ነቀነቀ። በኋላ እንደገባኝ ጥያቄው ተራ አልነበረም። ከሰዓት በቆላ መንገድ ላይ ግሎ የተለካ ጎማ በአዊ ብርድ አድሮ ሲለካ ምንም ሳያፈስ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ቀዳዳ ከመፈለግ በፊት ንፋሱ በእርግጥ መጥፋቱን ማረጋገጥ አለበት። ባልጠፋ ነገር ስንት ሰው ሌባ ተብሏል!

ከዚያ ምራቁን በጣቱ አድርጎ የቫልቩን አፍ ቀባው። ምራቁ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ቀጥሎ በጣሳ የሳሙና ውሃ አምጥቶ ቸርኬውንና ጎማውን አጠበው። በቫልቩ ሥር፣ ከቸርኬው ቀዳዳ፣ ትናንሽ አረፋ ኩፍ ኩፍ ማለት ጀመረ። የተሰበሰበው ሰው በአንድ ድምፅ “ቫልቩ ነው!” አለ። እኔም ብያለሁ፤ አልደብቅም።

“እዚያ ይወጣል እንጂ እዚያ አይደለም” አለ ጎሚስታው።

ካላማዳሪ ባለው ጎማ ውስጥ ንፋሱ ከየትም ቦታ ይሽሽ፣ በኮፐርቶኑና በካላማዳሪው መካከል እየዞረ መውጫ ወዳገኘበት፣ ብዙ ጊዜም ወደ ቫልቩ ቀዳዳ ይሄዳል። አረፋው የታየበት ቦታ ንፋሱ የታጣበት ቦታ አይደለም። እኔ መጻሕፍት ሳነብ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ያህል የጠቀመኝ አንቀጽ ጥቂት ነው። ልጁ ፊቱን ያጠቆረበትን ቦታ እንጂ የተጎዳበትን ቦታ የማናውቅ ወላጆች፣ ደንበኛ የሚጮህበትን መስኮት እንጂ ፋይሉ የተቀበረበትን ክፍል የማናውቅ የቢሮ ሰዎች ስንት ነን?

ጎማው ተፈታ። ኮፐርቶኑ ላይ አንድ ዝገት የበላው ሚስማር ተሰክቶ ተገኘ፤ እንደገና “ተገኘ!” ተባለ። ሹፌሩ ሚስማሩን ተቀብሎ እንደ ማስረጃ ያዘው። ጎሚስታው ግን ካላማዳሪውን አውጥቶ ነፋው፤ ከመሃል በተሰነጠቀ በርሜል ውሃ ውስጥ ክፍል በክፍል እየነከረ ያዞረው ጀመር። በሚስማሩ አንጻር ሲደርስ ምንም አረፋ የለም። ሚስማሩ አጭር ነበር፤ ወፍራሙን ላስቲክ ሳያልፍ ቀርቷል። ንጹሕ ሚስማር!

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። አባቶቻችን የጠፋ ነገር የሚፈልጉባቸው ሁለት ሥርዓቶች ነበሯቸው። አንዱ ሌባሻይ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይሰክራል፤ ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። የሌባሻይ ጥበብ ሁልጊዜ የሆነ ቤት ውስጥ መውደቁ ነው፤ ባዶ እጁን አይመለስም። ሌላው አውጫጭኝ ነው። ሰዉ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየውንና የሰማውን እስኪናገር ይመላለሳል። ምስክሩ እንዳይታወቅ “ወፌ ነገረችኝ” ይባላል። አውጫጭኝ አድካሚ ነው፣ ሥራ ያስፈታል፣ ንጹሑንም ከጥፋተኛው ጋር ፀሐይ ላይ ያውላል። ቢሆንም ቢያንስ ለወፊቱ ቦታ አበጅቷል፤ የሚናገር ሰው እንደሚፈራ ያውቃል።

እኛስ የቱን ወረስን? በደርግ ዘመን ሂስና ግለሂስ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም ወዲህ ግምገማ መጣ። ሁለቱም ስማቸው መልካም ነው። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ከግምገማው በፊት ባለው ሳምንት ሁሉም ጎማውን ሞልቶ ይመጣ ነበር። ሪፖርቱ ይሞላል፣ መዝገቡ ይሞላል፤ በዕለቱም በዱላ ቢመታ ሁሉም ደህና ድምፅ ይሰጣል። ወይም ደግሞ አንድ ወዳጅ የሌለው ሰው ይፈለግና ገመዱ እሱ ቤት ይወድቃል። “ምርመራ” የሚለውን ቃል እንኳ ተመልከቱት፦ በሆስፒታልም ምርመራ ነው፣ በፖሊስ ጣቢያም ምርመራ ነው። ሐኪሙ “የቱ ጋ ነው የሚያምህ?” ይላል፤ መርማሪው “ማነው?” ይላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰው ልብሱን አውልቆ ያሳያል፤ ለሁለተኛው ግን ይሸፍናል። ረዳቱ ዘጠኝ ቀን የሸፈነው፣ ጎማው ቢገለጥ የሚጠየቀው ሁለተኛው ጥያቄ እንደሆነ ከስፖኪዮው ተምሮ ስለነበር ነው። የጭነቱ ባለቤትና የመኪናው ጌታ ሩቅ ከተማ ተቀምጠው ስለ ጎማው ምንም ሳያውቁ፣ በሠሩት ሥርዓት ምክንያት ግን እዚያ በርሜል አጠገብ ከሁላችንም በላይ ቆመው ነበር።

“ማን” ካልተባለ ግን ማን ይጠየቃል? የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው። በቸልታ የሰው ሕይወት ሲጠፋ “ቀዳዳው እዚህ ነው” ብሎ ዝም ማለት ለሟች ወገን ስድብ ነው። እኔም የምከራከረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። “ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ” እንደሚባለው፣ “የት” ሳይታወቅ የተጠየቀ “ማን” ብዙ ጊዜ ሚስማሩን ይዞ ይቀራል።

ወደ በርሜሉ እንመለስ። ጎሚስታው ካላማዳሪውን ሲያዞር፣ ከአንድ አሮጌ ልጣፊ ጠርዝ ጤፍ የምታህል አረፋ ወጣች። ቆየት ብላ ሌላ። ደግሞ ቆየት ብላ ሌላ። የተሰበሰበው ሰው ዝም አለ፤ ይህን ያህል ቁጣ ያነሣችው እሷ መሆኗን ለማመን የከበደው ይመስል ነበር። ጎሚስታው ጣቱን ከቦታው ሳያነሣ ጎማውን ከውሃ አውጥቶ በብዕር አከበባት፤ ከደረቀ በኋላ በዓይን አትገኝምና። እንዲህም ሆኖ አላቆመም፤ የቀረውን ዙር እስከ መጨረሻው ነክሮ ጨረሰ። ኮፐርቶኑንም በውስጥ በኩል በመዳፉ ቀስ እያለ አበሰው፣ የተደበቀ ስለት ካለ ብሎ። ሹፌሩ በዚህ መሃል ሻይ ቤቱ በር ላይ በስልክ እያወራ ነበር።

ከዚያ አሮጌውን ልጣፊ ጫፉን ይዞ ገሽልጦ አየው። ላስቲኩ የተፋቀበትን ሁኔታ፣ የማስቲሹን አቀባብ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተ።

“ይህን የለጠፍኩት እኔ ነኝ” አለ።

ማንም አልጠየቀውም። ከአጠገቡ የነበርነው እኔና ረዳቱ ብቻ ነን፤ ሹፌሩም አልሰማም። “ሳይደርቅ ቸኩዬ ነው፤ ወይም እርጥብ ነበር” ብሎ አከለና ፋቂውን አንሥቶ ሥራውን ጀመረ። ረዳቱ አፉን ከፍቶ ያየው ነበር። ሰው እንዲህ ሊል እንደሚችል ከዚያ በፊት አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሥራው ሲያልቅ ሹፌሩ ሲመለስ ጎሚስታው ለእሱም ደገመለት። ሹፌሩ ትንሽ ዝም አለና “መቼም ሥራ ነው” አለ። ጎሚስታው ሙሉ ዋጋውን ተቀበለ፤ ንስሓው እስከዚያ ድረስ አልዘለቀም። እኔም ይህንን አይቼ ሰውየውን ይበልጥ ወደድኩት፤ መልአክ ቢሆን ኖሮ ምሳሌ አይሆነንም ነበር።

ረፋዱ ላይ ተነሣን። እንጅባራን አልፈን፣ ጥሊሊን አልፈን ቡሬ ለምሳ ቆምን። ረዳቱ ከላይ ዘሎ ወረደና ዱላውን ይዞ ጎማዎቹን አንድ በአንድ መታ። ከግራው ጥንድ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የውስጠኛውን ሁለት ጊዜ መታው። ከዚያ ወደ ቀኙ ዞረ፣ መታ፣ ደግሞ መታ፣ ቆመ።

“ጋሼ” አለ፤ “የቀኙ የውጪው ትንሽ ያጠራጥረኛል። ማነው እንዳይሉኝ፣ አላውቅም።”

ሹፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ ትንሽ አየው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ዱላውን ከልጁ እጅ ተቀበለና ጆሮውን ወደ ጎማው አስጠጋ።